ጌይ-ሉሳክ፦ ቢዩሬትን ያወረሰን ሰው

የዘንድሮው የምሩቃን መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን አባቶች ስለ አንዱ ጻፍልን ባሉኝ ጊዜ ብዙ ሳላስብ የመረጥኩት ጆሴፍ ሉዊ ጌይ-ሉሳክን ነው። ከኬሚስትሪ ዲፓርትመንት የወጣን ሁሉ ስሙን እናውቀዋለን። የምናውቀው ግን በጋዝ ሕጉ ብቻ ነው፤ ለፈተና አጥንተነው ከፈተናው በኋላ የረሳነው። ዕድሜ ልካችንን ስንሠራበት የኖርነው ደግሞ ሌላው ሥራው ነው። ፒፔትና ቢዩሬት የሚሉትን ስሞች በኬሚስትሪ ያስለመደው እሱ ነው። የአንድን ሶሉሽን ጥንካሬ፣ ጥንካሬው በታወቀ በሌላ ሶሉሽን መለካትንም ማንኛውም ጠንቃቃ ሠራተኛ ሊሠራው የሚችል ሥራ ያደረገው እሱ ነው። ከመካከላችን ቢራ ፋብሪካ፣ ውኃ ማጣሪያ፣ መድኃኒት ቁጥጥር፣ ትምህርት ቤት የገባን ሁሉ እንጀራችንን የበላነው በዚህ ሰው መሣሪያ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ጌይ-ሉሳክ የተወለደው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1778 በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ ሴን-ሌዮናር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ አንትዋን ጌይ የሕግ ሰው ነበሩ። ሉሳክ የሚለው ስም የቤተሰቡ ርስት ካለበት ቦታ የመጣ ተቀጽላ ነው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው አብዮቱ ቤታቸው ገባ። አባቱ በ1793 በተጠርጣሪነት ታሠሩ። ያን ዘመን ተጠርጥሮ ታስሮ በሕይወት መውጣት ዕድል ነው፤ አባቱ ወጡ፣ የቤቱ ሀብት ግን ተናጋ። እኛም ብንሆን አብዮትን ከመጽሐፍ ብቻ ያወቅን ስላልሆንን፣ የዚያ ዕድሜ ልጅ ምን እንደሚሰማው ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

አብዮቱ በአንድ እጁ የወሰደበትን በሌላው ሰጠው። አዲሱ መንግሥት በፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ የሚባል ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበር። የሚገባው በፈተና እንጂ በዘር አይደለም፤ ለተማሪዎቹም የኪስ ገንዘብ ይከፈላቸዋል። ጌይ-ሉሳክ በ1797 ፈተናውን አልፎ ገባ። ከዚያም ታዋቂው ኬሚስት ቤርቶሌ ረዳቱ አድርጎ ወሰደው። እንደሚተረከው ቤርቶሌ አንድ ሐሳቡን እንዲያረጋግጥለት ሙከራ አሠራው፤ ወጣቱ የጌታው ሐሳብ ትክክል አለመሆኑን የሚያሳይ ውጤት ይዞ መጣ። ቤርቶሌም አልተቆጣም፤ እንዲያውም ልጁን ወደደው። ከኛ ውስጥ አለቃው የሚጠብቀውን ቁጥር እንዲጽፍ ያልተጠየቀ ላቦራንት ካለ ይህ ታሪክ አይገርመው ይሆናል። ተጠይቀን የምናውቅ ግን የቤርቶሌን ትልቅነት እንረዳለን።

በ1802 ጋዞች ሁሉ ሲሞቁ በእኩል መጠን እንደሚሰፉ አሳየ። ስሙን ያወቅንበት ሕግ ከዚህ ይጀምራል። በ1804 ደግሞ ሰው የማይደፍረውን ደፈረ። መጀመሪያ ነሐሴ ላይ ከባልደረባው ከቢዮ ጋር፣ ቀጥሎም መስከረም 16 ቀን ብቻውን በባሉን ወደ ሰማይ ወጣ። ብቻውን የደረሰበት ከፍታ 7,016 ሜትር ነው። ራስ ደጀን አናት ላይ ቆማችሁ ሽቅብ ብታዩ እሱ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከራሳችሁ በላይ ነው ማለት ነው፤ ኦክስጅን የለ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ። ባሉኑን ለማቅለል ዕቃ ሲወረውር አንዲት እንጨት ወንበር ከሰማይ ወርዳ በግ ከምትጠብቅ ልጅ አጠገብ ወደቀች፤ የሰፈሩ ሰውም ነገሩን ተአምር ነው ብሎ ሲከራከርበት ሰነበተ ይባላል።

ለጨዋታ አልነበረም የወጣው። አየር የወጣላቸው የታሸጉ ብልቃጦች ይዞ ነበር፤ እላይ ከፍቶ የዚያን ከፍታ አየር ሞላባቸውና ዘግቶ ወረደ። ላብራቶሪ ወስዶ ሲመረምረው የኦክስጅኑ ድርሻ ፓሪስ ውስጥ ካለው አየር ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ተራራ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረን የአየሩ ድብልቅ ተለውጦ ሳይሆን አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ ነው። መጠንና ድርሻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኛ በአንደኛ ዓመት የኮንሰንትሬሽን ክፍለ ጊዜ በስንት መከራ ተማርነው፤ እሱ ሰባት ሺህ ሜትር ወጥቶ አመጣው።

በቀጣዩ ዓመት ከጀርመናዊው አሳሽ ከሁምቦልት ጋር ሠራ። ሁምቦልት ቀደም ሲል ስለ አየር ምርመራ ያወጣውን ሥራ ጌይ-ሉሳክ ያለ ርኅራኄ ተችቶት ነበር። በኋላ ተዋወቁ፤ የተተቸውም ቂም አልያዘም፤ ዕድሜ ልክ ወዳጆች ሆኑ። አብረው አንድ እጅ ኦክስጅን በይዘት ሁለት እጅ ሃይድሮጅን እንደሚጠይቅ አረጋገጡ። ከዚህ ተነሥቶ ጌይ-ሉሳክ በ1808 መጨረሻ ጋዞች ሁልጊዜ በቀላል የሙሉ ቁጥር ሬሾ እንደሚጋቡ አስታወቀ። ዳልተን አልተቀበለውም። አቮጋድሮ ግን በ1811 ምስጢሩን ፈታው፤ ሞል የምንለው ነገር ሥሩ እዚያ ነው።

በዚያው በ1808 ከባልደረባው ከቴናር ጋር ሆኖ ቦሮንን አገኙ። በዚያው ዓመት ደግሞ የፖታሲየም ሙከራ ፊቱ ላይ ፈነዳበት። ለብዙ ቀናት ማየት አቃተው፤ ዐይኑም ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ የምነግራችሁ ሥራው ሁሉ በደከመ ዐይን የተሠራ ነው፤ ያውም የዐይን ሥራ።

በ1809 አገባ። ሚስቱ ዠንቪየቭ-ማሪ-ጆሴፍ ሮዦ ትባላለች። ያገኛት ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ስትሠራ ነው። ከባንኮኒው ሥር ደብቃ መጽሐፍ ታነባለች፤ ጠጋ ብሎ ቢያይ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው። አምስት ልጆች ወለዱ። በኛ ባች ላብራቶሪ ውስጥ ተዋውቃችሁ ትዳር የያዛችሁ፣ ቀዳሚ አላችሁ።

ከዚያ በኋላ በ1813ና በ1814 አዮዲንን አጥንቶ ስም ሰጠው፤ በ1815 ሳያኖጅንን አገኘ። ያን ጊዜ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። በኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ለኔ ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ፋብሪካ በየቦታው እየበቀለ፣ ሰው የማያውቀውን ነገር ከማያውቀው ሰው መግዛት ጀመረ። ጋን ውስጥ ያለ አልኮል፣ በርሜል ውስጥ ያለ የጨርቅ ማንጫ፣ ከረጢት ውስጥ ያለ ሶዳ። ሻጩ ጠንካራ ነው ይላል፣ ገዢው ቀጥኗል ይላል፣ ቀራጩ ደግሞ ከሁለቱም አያምንም። ጥንካሬን በቁጥር የሚናገር፣ ሦስቱም የሚያምኑት ነገር አስፈለገ። ጌይ-ሉሳክ ቀሪ ዕድሜውን በአብዛኛው ለዚህ ሰጠ።

በ1824 የአልኮል መለኪያውን አወጣ። ንጹሕ ውኃ 0፣ ንጹሕ አልኮል 100፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ። መሣሪያውን ጋኑ ውስጥ ትነክራለህ፣ የቆመበትን ታነባለህ፣ በቃ፤ የአልኮሉ ድርሻ ከመቶ በይዘት ያ ነው። ሙቀቱ ከ15 ከተለየም ማረሚያ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። 50 ሚሊ ሊትር አልኮልና 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ብትቀላቅሉ 100 አይሞላም፤ ወደ 96 ወይም 97 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠጋጋሉና። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ የቀላቀልከው 50 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 52 የሚጠጋ ነው። በመደመር ብቻ ያሰላ ነጋዴ በየበርሜሉ ይሳሳታል። ጌይ-ሉሳክ ድብልቁን በየደረጃው መዝኖ ቁጥሩን መሣሪያው ላይ ቀረጸው። ዛሬ አገራችን ውስጥ አረቄ ጠርሙስ ላይ ዲግሪ የሚል ስታዩ የምታዩት የሱን አቆጣጠር ነው።

በዚያው ዓመት ስለ ክሎሪን የጨርቅ ማንጫ መመሪያ አወጣ። በክሎሪን ጨርቅ ማንጣትን የፈለሰፈው ጌታው ቤርቶሌ ነው፤ ተማሪው ደግሞ መለኪያ አበጀለት። ዘዴው ጥንካሬው የታወቀ የኢንዲጎ ሰማያዊ ቀለም ወስዶ፣ ማንጫው ስንቱን እንደሚያጠፋ መቁጠር ነው። ዲግሪውንም ከጋዝ ሕጉ ጋር አስተሳሰረው፤ አንድ ኪሎ ማንጫ ስንት ሊትር የክሎሪን ጋዝ እንደያዘ ይነግርሃል። ከዓመታት በኋላ ኢንዲጎው እየቆየ እንደሚለዋወጥ ስላየ ራሱ ትቶት በአርሴኒክ ውሑድ ተካው። የራሱን ዘዴ ራሱ ሻረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከሥራ ዘመኔ አንድ ነገር ላንሳ። ማንጫው በኛ አገር በረኪና ነው፤ ስሙን ከጣሊያኖች ወስደነው። የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝ በተነሣበት አንድ ክረምት፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የሕክምና ቦታ ለወለልና ለአልጋ ማጽጃ 0.5 ከመቶ ክሎሪን ያለው ብጥብጥ ያዘጋጅ ነበር። ጠርሙሱ ላይ 5 ከመቶ ተብሎ ተጽፏል። ጽዳት ሠራተኞቹም እንደተነገራቸው አንድ ጣሳ በረኪና ከዘጠኝ ጣሳ ውኃ ጋር ይቀላቅላሉ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ 5 ለ10 ሲካፈል 0.5። ግን ጠርሙሶቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሙቀትና ብርሃን እየመታቸው ለወራት የከረሙ ነበሩ። በረኪና ደግሞ በሙቀትና በብርሃን ይደክማል። ናሙና ወስጄ በአዮዲንና በታዮሰልፌት ቲትሬት ሳደርገው የወጣው 2.5 ከመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ወለሉ ላይ ሲፈስ የሰነበተው ከሚያስፈልገው ግማሹ፣ 0.25 ከመቶ ነበር። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል። መፍትሔው አንድ ጣሳ በረኪና በአራት ጣሳ ውኃ ሆነ፤ 2.5 ለ5 ሲካፈል 0.5። ከዚያም አዲስ እስኪመጣ በየሳምንቱ መለካት። ቢዩሬቱ ባይኖር ኖሮ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አምነን፣ ሽታውን እያሸተትን፣ ንጹሕ ነው እያልን በሽታውን ከአልጋ ወደ አልጋ እናዞረው ነበር። ጌይ-ሉሳክ ያወቀው ይህንን ነው፤ የስሌቱ ትክክለኛነት የሚጠቅመው መነሻው ቁጥር ሲለካ ብቻ ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በ1829 የፓሪስ ገንዘብ መቅረጫ ቤት ዋና መርማሪ ሆኖ ተሾመ። ሥራው ከብርና ከመዳብ የሚሠራው ገንዘብ በሕግ የታዘዘውን ያህል ብር መያዙን ማረጋገጥ ነው፤ ከ1,000 እጅ 900። እስከዚያ ድረስ የሚሠራበት ዘዴ ጥንታዊ ነው። ብሩ ከእርሳስ ጋር በአጥንት አመድ ጽዋ ውስጥ ይቀልጣል፤ እርሳሱና መዳቡ ጽዋው ውስጥ ሰርገው ብሩ ይቀራል፤ ከዚያ ይመዘናል። ችግሩ ጥቂት ብርም አብሮ መስረጉና መትነኑ ነው። ከሺህ ጥቂት እጅ ብቻ ነው የሚጠፋው፤ ግን መንግሥት ገንዘብ በቶን በሚቀርጽበት ቤት ጥቂት የምትባል ነገር የለችም።

ጌይ-ሉሳክ እሳቱን ትቶ ወደ ውኃ መጣ። በ1832 ያወጣው ዘዴ ይኸውና። ብሩን በናይትሪክ አሲድ ታሟሟዋለህ፤ የገበታ ጨው ሶሉሽን ትጨምርበታለህ፤ ብሩ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። የጨው ሶሉሽኑ የተዘጋጀው 100 ሚሊ ሊትሩ በትክክል 1 ግራም ብር እንዲያወርድ ነው። በዛሬው የአቶም ክብደት ብናሰላው 107.87 ግራም ብር 58.44 ግራም ጨው ይፈልጋል። ለ1 ግራም ብር 0.5418 ግራም ጨው ማለት ነው፤ በሊትር 5.418 ግራም፤ በኛ ቋንቋ 0.0927 ሞላር ገደማ። ሁለተኛው ሶሉሽን ከመጀመሪያው አሥር ጊዜ የቀጠነ ነው፤ አንዷ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ግራም ብር ታወርዳለች። ጨዉ ንጹሕ ነው ብሎም አያምንም፤ ሶሉሽኑን በንጹሕ ብር ይፈትነዋል። ስታንዳርዳይዝ አድርጉ እየተባልን ስንማረር የነበረው ይኼው ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ከሳንቲሙ 1.115 ግራም ቆርጠን አሟሟን። 100 ሚሊ ሊትር ጨመርን፤ አጥብቀን ናጥን፤ ነጩ ዘቀጠ፤ ላዩ ጠራ። ከቀጭኑ አንዲት ሚሊ ሊትር ስንጨምር ዳመነ፤ ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም አዳመነች፤ አራተኛዋ ምንም አላመጣችም። እንግዲህ ብሩ 1.003 ግራም ነው። ለ1.115 ሲካፈል ከሺህ 899.6። ጌይ-ሉሳክ በዚህ መንገድ ከሺህ ግማሽ እጅ ድረስ ይለይ ነበር። ዳመና መኖሩንና አለመኖሩን ማየት ነው ሥራው ሁሉ፤ ያንን ዘዴ ያበጀው ዐይኑ የተጎዳው ሰው ነው። ቲትሬሽን የሚለው ቃልም የመጣው ፈረንሳዮች የወርቅና የብር ጥራትን ከሚጠሩበት ቲትር ከሚለው ቃላቸው ነው። በየላቡ የምናደርገው ሁሉ ስሙ የገንዘብ ስም ነው።

የኛም ገንዘብ በዚያ ቤት አልፏል። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ብር በ1887 ዓ.ም. የተቀረጸው ፓሪስ ነው፤ ጌይ-ሉሳክ እዚያ ከተሾመ ከ65 ዓመት በኋላ። ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ጥራቱ ከሺህ 835፤ ብታባዙት 23.44 ግራም ንጹሕ ብር ይወጣል። አያቶቻችን ጠገራን በጥርስ ነክሰው፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ሰምተው ይቀበሉ ነበር። 835 ለሚለው ቁጥር ግን ጥርስም ጆሮም አይበቃም፤ መለኪያ ያስፈልገዋል።

ሰውየው ቁጥብና ዝምተኛ ነበር ይባላል። ሆኖም የሚታወስለት ሌላ ገጽታ አለው። የሃያ ዓመቱ ጀርመናዊ ሊቢክ ፓሪስ መጥቶ በላብራቶሪው አብሮት ሲሠራ፣ ሙከራው በተሳካ ቁጥር ፕሮፌሰሩ ተማሪውን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ዋልስ ይጨፍር ነበር። ሊቢክ በኋላ አገሩ ገብቶ ብዙ ኬሚስት አፍርቷል፤ ከነሱም መካከል የጌይ-ሉሳክ የበኩር ልጅ ነበር። መምህር ለተማሪው የሰጠውን በልጁ በኩል ሲቀበል ከዚህ የበለጠ ምን ክፍያ አለ?

ነቃፊም አልጠፋለትም። ከፋብሪካ፣ ከመንግሥት፣ ከየኮሚቴው ደመወዝ ይሰበስባል፣ ንጹሑን ሳይንስ ለገንዘብ ተወው ይሉት ነበር። ከፊሉ እውነት ነው፤ በልጅነቱ የቤተሰቡን ሀብት መናጋት ያየ ሰው ገንዘብ አይንቅም። ግን ንጹሕ ሳይንስ ያሉትና ይህኛው የተለያዩ አይመስሉኝም። በ1827 ለሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ያቀረበው ማማ አየር ላይ ይለቀቅ የነበረውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ መልሶ የሚይዝ ነው። ባለፋብሪካው ናይትሬት ይተርፍለታል፤ ጎረቤቱም ያን ጋዝ ከመተንፈስ ይድናል። ተግባራዊ እስኪሆን ዓመታት ቢፈጅም ስሙን ይዞ ቀረ። በ1831 የምክር ቤት አባል፣ በ1839 ደግሞ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነ። ግንቦት 9 ቀን 1850 ፓሪስ ውስጥ አረፈ፤ ፔር ላሼዝ ተቀበረ። የኤፍል ማማ ላይ ከተቀረጹት 72 ስሞች አንዱ የሱ ነው።

እኔ ግን ስሙ ከብረቱ ይልቅ ቢዩሬቱ ላይ ያምርበታል እላለሁ። ትልቁ ሥራው ስሌቱን ከሊቃውንት እጅ አውጥቶ መስታወቱ ላይ መቅረጹ ነው። ኢንተግራል የማያውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጽሕፈት ብቻ የሚችል የጉምሩክ ጸሐፊ፣ ውኃ የምታከም የወረዳ ባለሙያ መሥመሩን አንብባ ከአለቃዋ ጋር እኩል ትከራከራለች። ቁጥሩ ለሀብታም አያደላም፣ ለባለሥልጣን አይጎነበስም። ካልሰረዙት በቀር።

ለዚህ ነው በመገናኛው ዕለት ከየትም ለምትመጡ፣ በተለይም አሁን በቅርቡ ለተመረቃችሁ ታናናሾቻችን አንዲት አደራ የምለው። የምትፈርሙበት የምርመራ ወረቀት ላይ ያለው አሃዝ ትንሽ ይመስላል፤ ከነጥብ በኋላ ያለ ነገር ነው። በዚያ አሃዝ ግን አንድ ሕፃን ውኃ ይጠጣል፣ አንድ በሽተኛ ጉሉኮስ ይሰቀልለታል፣ አንድ ገበሬ መድኃኒት ይረጫል። ቢዩሬቱን ከሞላችሁ በኋላ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ አለመኖሩን እዩ፤ በዐይናችሁ ልክ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ያነበባችሁትን ጻፉ። የቀረውን ስንገናኝ በቡና እንጫወተዋለን። በሰላም ያገናኘን።